ያዥ የሌለው ቡጢ

ሁለቱም ሰው መትተው አያውቁም ነበር። ግድግዳ መትተዋል፣ የኮንክሪት ምሰሶ መትተዋል፣ አንድ ጊዜም ባለቤቱ ረስቶት የሄደውን የብረት ካዝና መትተው እንደ ሐብሐብ ከፍተውታል፤ ውስጡ አንድ ጥንድ ካልሲ ነበር። ሰው ግን፣ በሰላምታ ትከሻውን መታ ከማድረግ በቀር፣ በጭራሽ። በሰላምታ የመቷቸውም ሰዎች ከዚያ ወዲያ ሰላም የሚሏቸው ከመንገዱ ማዶ ሆነው ነው።

ረጅሙን ዝግባ እንለዋለን። አጭሩንና ሰፊውን ጉልቻ። ጉልቻ የዝግባን እህት አግብቶ ሦስቱም በአንድ ግቢ ይኖራሉ፤ የሚለያቸው አንድ ስስ ግድግዳ ነው። ዝግባ በወዲያ በኩል ሲያስነጥስ ጉልቻ በወዲህ በኩል «ይማርህ» ይላል። ሥራችን ማፍረስ ነው። ያረጀ ሕንፃ ሊፈርስ ሲሆን እኛ እንጠራለን። እነሱ መዶሻ ያወርዳሉ፤ እኔ መሮ እይዛለሁ።

ሥራውን ለማያውቅ ሰው እንዲህ ነው። ወፍራም የብረት መሮ አለ። ጫፉ ግድግዳው ላይ ያርፋል፤ እኔ ቁጭ ብዬ በሁለት እጄ ጨብጬ እይዘዋለሁ። ዝግባ በቀኜ፣ ጉልቻ በግራዬ ይቆማሉ። «ያዝኩ» እላለሁ፤ ዝግባ ያወርዳል። «ያዝኩ» እላለሁ፤ ጉልቻ ያወርዳል። እኔ ካላልኩ መዶሻው አይወርድም። አንድ ቀን ውሃ ትን ብሎኝ ስስል ሁለቱም መዶሻቸውን ከራሳቸው በላይ እንደያዙ፣ ክንዳቸው እስኪንቀጠቀጥ ድረስ ጠብቀውኛል። ሌላው ሕግ የእኔ የብቻዬ ነው፤ ያዥ ወደ ላይ አያይም። መዶሻውን ያየ እጅ ይሸሻል፣ የሸሸ እጅ ደግሞ አይተርፍም። ስለዚህ በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ሥራ ላይ የማውቀው እግራቸውንና ትንፋሻቸውን ነው። ማን እንደደከመ፣ ማን ከቤቱ ተኳርፎ እንደወጣ፣ ከትንፋሹ እሰማለሁ። ፊታቸውን የማየው ምሳ ላይ ነው። ከእያንዳንዱ «ያዝኩ» ጋር ለእግዚአብሔር አንድ ቃል እጨምራለሁ፤ እሱ ግን በልቤ ስለሆነ አይሰሙትም።

ያን ሰሞን የምናፈርሰው አንድ የድሮ የዱቄት ፋብሪካ ነበር። ሰኞ ጠዋት ስንመጣ በሩ ላይ ኤክስካቫተር ቆሟል፤ ቢጫ፣ አንገቱን ደፍቶ እንደሚተክዝ ሰው። አጠገቡ አሠሪያችን ነበር። አለቃ ነው የምንለው። በወጣትነቱ ለቦክሰኞች ባልዲና ፎጣ ይይዝ ነበር። ራሱ ገጥሞ ባያውቅም ስለ ቡጢ ባወራ ቁጥር አፍንጫውን፣ ተሰብሮ እንደዳነ አፍንጫ፣ ይደባብሰዋል።

«ስሙኝ» አለ። «ይሄ ማሽን ሁሉን ያፈርሰዋል። የማይገባው ከጎረቤት ቤት ጋር የተጣበቀው ጥግ ጋ ብቻ ነው። ለዚያ ሁለት ሰው ይበቃኛል፤ አንድ መቺ፣ አንድ ያዥ። ከሁለታችሁ አንዳችሁ ከሚቀጥለው ሰኞ ጀምሮ አትመጡም።»

«ማናችን?» አለ ጉልቻ።

«ጭንቁ እሱ ነው። እኔ ብመርጥ ቂም ይሆናል። ዕጣ ባወጣ አጭበረበረ ትሉኛላችሁ።» እጁ ወደ አፍንጫው ሄደ። «ቡጢ ግን አያዳላም። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ፣ እዚሁ አዳራሹ ውስጥ። ከገመዱ ውስጥ መጀመሪያ ጀርባው መሬት የነካ፣ ሰኞ አይመጣም።»

ዝግባ እንደ ተማሪ እጁን አወጣ። «ማንን ነው የምንመታው?»

«እርስ በርሳችሁ ነዋ!»

ዝግባ ጉልቻን አየው። ጉልቻ ዝግባን አየው። ከዚያ ሁለቱም ዞረው እኔን አዩኝ፤ እኔ ደግሞ የማየው አጥቼ ማሽኑን አየሁ።

የቀልድ ነገር አልነበረም። ከመዶሻ ሌላ የሚያውቁት ነገር የለም። ዝግባ አንድ ጊዜ ዘበኝነት ተቀጥሮ፣ ማታ በሩን ሲዘጋ በሩን ነቅሎ እጁ ላይ አስቀርቶታል። ጉልቻ ሰዓት ጠጋኝ ዘንድ ልሞክር ብሎ ሄዶ፣ ሰውየው እጁን አይቶ ሱቁን ዘግቷል። ከሁለት አንዱ ሥራ ፈት ሆኖ በዚያ ስስ ግድግዳ ወዲያ ተቀምጦ፣ የሌላውን ጫማ ጠዋት ጠዋት ሲወጣ እየሰማ ሊኖር ነው።

ስልጠናው በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ ተጀመረ። አለቃ ከቤቱ አንድ ጥንድ የቦክስ ጓንት ይዞ መጣ፤ ቆዳው እንደከረመ ዳቦ ተሰነጣጥቋል። ጥንድ ማለት ሁለት ነው፣ ተጋጣሚዎቹም ሁለት ናቸው፤ አንድ አንድ ደረሳቸው። ግራው ለዝግባ፣ ቀኙ ለጉልቻ። «ጓንት የሌለው እጅ አይመታም» አለ አለቃ፣ ባዶ እጃቸውንም በገመድ ከወገባቸው ጋር አሰረው።

መዶሻ በአንድ እጅ አይነሳም። የእነዚህ ሰዎች አንድ እጅ የሄደበት ሌላው ሳይጠራ ይከተላል፤ ዝግባ ጆሮውን የሚያከው እንኳ በሁለት እጁ ነው። አለቃ አሸዋ የሞላበት ከረጢት ከወራጁ ላይ አንጠልጥሎ ጉልቻን «ምታ!» አለው። ጉልቻ ከረጢቱን አንድ ዙር ዞሮ መረመረው። ቀኝ እጁን ሲያነሳ ግራው ገመዱን በጥሶ ተከተለ፤ ሁለቱም ከራሱ በላይ ተጋጠሙና እዚያው ቆሙ።

«ምን ትጠብቃለህ?»

«ጋሼን» አለ፣ በአገጩ ወደ እኔ እየጠቆመ።

እኔ ጥግ ላይ ምሳዬን እየበላሁ ነበር። «ያዝኩ» አልኩ አፌ እንደሞላ።

ከረጢቱ ከነገመዱ፣ ገመዱ ከነወራጁ ቁራጭ ወለሉ ላይ ተከሰከሰ። ጉልቻ ጎንበስ ብሎ የተረፈውን ከረጢት ትከሻው ላይ ጫነና «የት ላራግፈው?» አለ።

የኤክስካቫተሩ ሹፌር ከወንበሩ ላይ በሳቅ ሊወድቅ ነበር።

ተራቸውን አለመርሳታቸው ደግሞ ሌላ ጣጣ ሆነ። አንዱ አንድ ጊዜ ይሰነዝርና እጁን አጣምሮ ይቆማል። አለቃ ዝግባን «ጨምር! ደራርብ!» እያለ ጮኸበት።

«ተራው የእሱ ነዋ» አለ ዝግባ፣ እንደተሰደበ ሰው። «በአንድ መሮ ላይ ሁለት ጊዜ ተከታትሎ የሚመታ ባለጌ ነው።»

«ይሄ መሮ አይደለም፣ ሰው ነው!»

«ሰውማ ከሆነ ይብሳል!»

አለቃ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። «ጉልበትማ ሞልቷል» አለኝ። «ኤክስካቫተሩ ነዳጅ ይፈልጋል፣ እነዚህ ያንንም አይፈልጉም። ግን አየህ፣ በዓለም ላይ ካለ ነገር ሁሉ መምታት የማይችሉት የሚንቀሳቀሰውን ነው።» ከዚያ አሰበና «ዳኛው አንተ ትሆናለህ» አለ። «ሁለቱም የሚሰሙት አንተን ብቻ ነው።»

አርብ ከሥራ በኋላ ወደ ግቢያቸው ሄድኩ። እህትየው የመኪና ሸራ ትሰፋለች፤ በረንዳው ላይ ከስፌት መኪናዋ ኋላ ተቀምጣ፣ ሸራው እንደ ወንዝ ከእግሯ ሥር ይፈሳል። ሁለቱ ወንዶች አግዳሚ ወንበሩ ዳርና ዳር ላይ ተቀምጠው መሬት መሬት ያያሉ።

«እንኳን መጣህ ጋሼ» አለችኝ። «እነዚህ ሁለት በሬዎች ነገ ሊዋጉ ነው የሚባለው እውነት ነው?»

«እንደዚያ ነው የተባለው።»

«አንተ!» አለችው ባሏን፣ መርፌዋን ሳታቆም። «ወንድሜን ከጣልክ እቤት እንዳትገባ።»

«እሺ።»

«ከጣለህም እንዳትገባ። ወንድሜ የደበደበውን ባል ይዤ ሰው ፊት አልቆምም።»

«ታዲያ የት ልግባ?»

«እኔ ጋ» አለ ዝግባ።

«አንተ ዝም በል! አንተ ብትሆን ባሌን ዘርረህ ስታበቃ እራት እዚህ ልትበላ ነው?»

ዝግባ ረጅም ጊዜ አሰበ። «እንደ እራቱ ነው» አለ።

ልሄድ ስነሳ እስከ በሩ ሸኘችኝ። እዚያ ስትደርስ ሳቋ ጠፋ። «ጋሼ፣ እኔ እነዚህን ሰዎች አውቃቸዋለሁ» አለችኝ። «አንዳቸው አንዱን በደንብ ያገኘው ቀን ሬሳ ነው የሚነሳው። ዳኛ ነህ አሉ።»

«ዳኝነት ምን አውቃለሁ? እኔ ያዥ ነኝ።»

«እንግዲያው ሁለቱንም ያዝልኝ።»

እሺ አልኳት። እንዴት እንደሆነ ግን አላወቅኩም። ያን ቀን ስጸልይ «ጌታ ሆይ፣ አቅጣጫቸውን አስታቸው» ብዬ ነው የጸለይኩት። እንዲህ ያለ ጸሎት ይጸለይ እንደሆነም እንጃ።

ቅዳሜ አዳራሹ ሞላ። አለቃ የጎረቤት ጋራዥ ባለቤትን ከነሠራተኞቹ ጠርቶ፣ ፊት ለፊት በተገለበጠ ሳጥን ላይ አስቀምጦታል። አራት የብረት ምሰሶዎች ዙሪያ የጭነት ገመድ ተወጥሯል። እህትየው ገመዱ ጥግ ላይ ክንዷን አጣጥፋ ቆማለች። የኤክስካቫተሩ ሹፌር በብሎን መፍቻ ቱቦ መታ፤ ተጀመረ።

ሁለቱ መሃል ላይ ተገናኝተው ተጨባበጡ። «እንዴት አደርክ?» አለ ዝግባ፣ አብረው ቁርስ በልተው እንደመጡ ሁሉ።

«ይመስገን። አንተስ?»

«ቡጢ!» ብሎ ጮኸ አለቃ።

ዝግባ መጀመሪያ ሰነዘረ። የታሰረው እጁ ገመዱን በጥሶ ተከተለው፤ ሁለቱም ከራሱ በላይ ሄደው በሙሉ ክብደታቸው ወረዱ። ጉልቻ እዚያ አልነበረም። ሸሽቶ አይደለም፤ የጫማው ክር ተፈትቶበት ሊያስር ወደ ጎን ሄዶ ነው። ምቱ ምሰሶው ላይ አረፈ። ምሰሶው እንደ ትልቅ ደወል ጮኸ፤ ከላይ ከወራጆቹ የስንት ዘመን ዱቄት ተንዶ በሁላችንም ላይ ወረደ።

ዝግባ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ «በል ተራህ ነው» አለ።

ጉልቻ ክሩን አስሮ ተነሳ፣ አመሰገነ፣ ሰነዘረ። ቡጢው አየር ብቻ ስላገኘ ባለቤቱን ይዞት ሄደ፤ ሁለት ጊዜ ተሽከርክሮ በገመዱ መሃል አልፎ አንድ አግዳሚ ወንበር ለሁለት ከፈለ። የተቀመጡበት ሰዎች ደህና ነበሩ፤ ቀድመው ተነስተዋል። ተመልሶ ገባና ይቅርታ ጠየቀ፤ መጀመሪያ ወንበሩን፣ ቀጥሎ ሰዎቹን።

«አየሩን ገደልከው፣ ተወው በቃ!» አለ አንዱ የጋራዥ ሠራተኛ።

«ዳኛ! ምሰሶው ተጎድቷል፣ ቁጠርለት እንጂ!» አለ ሌላው።

እንዲህ እየተባለ ዙር አለፈ፣ ሌላ ዙር አለፈ። ዝግባ ይመታል፣ ያመልጠዋል፣ «ተራህ» ይላል። ጉልቻ ይመታል፣ ያመልጠዋል፣ «ያንተ» ይላል። በየመሃሉ ዱቄት ይወርዳል። ሁለቱም ለመጋገር የተዘጋጀ ሊጥ መሰሉ፤ ከነጩ ፊታቸው ላይ የሚታየው ቅንድባቸው ብቻ ነው። አንዱም አንዱን አልነካም። ጸሎቴ ከመጠን በላይ መሰማቱን እያየሁ ነበር።

የጋራዡ ባለቤት ሰዓቱን ሲያይ አለቃ አየው። የሰው ፊት ማፈር ከሞት ይከብዳል። ዘሎ ገመዱ ጋ መጣ፣ ሁለቱን እየተመለከተ ቆየ፣ ድንገት ግንባሩን መታ።

«ገባኝ!» አለ። «ችግሩ ምን እንደሆነ ገባኝ። ያዥ የላቸውም! አንተ፣ ያዝላቸው!»

«ምኑን?»

«ሰውየውን ነዋ! መሮውን እንደምትይዘው!»

«ይያዝ! ይያዝ!» አለ ሕዝቡ፣ እየዘፈነ።

«አለቃ» አልኩ፣ «ይሄ ግፍ ነው። ይሞታል።»

«ጓንት አድርጓል እኮ። ያለዚያ ሰኞ ሦስታችሁም አትመጡም።» ይህን ሲል ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ሳጥኑ ነበር የሚያየው።

ተራው የዝግባ ነበር፤ ስለዚህ የሚያዘው ጉልቻ ነው። ወደ ጉልቻ ስሄድ ዝግባ የጓንቱን ክር አስርልኝ ብሎ አስቆመኝና ጎንበስ ብሎ ጆሮዬ ላይ አንሾካሾከ። «ጋሼ፣ ነገሩን አዙረው። እኔን ያዝና እሱ ይምታኝ። እህቴ ሥራ ፈት ባል ይዛ ምን ትሆናለች? እኔ ብቻዬን ነኝ፣ የትም እወድቃለሁ።»

ክሩን አስሬለት ሄድኩ። ጉልቻ መሃል ላይ ተንበርክኳል፤ አገጩን ወደ ደረቱ ሰብስቦ፣ ትከሻውን ጠብቆ፣ በተቻለው ሁሉ መሮ ለመምሰል ቀጥ ብሏል። አጠገቡ ተቀምጬ ሁለት ትከሻውን ያዝኩ። እሱም ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ ጀመረ። «ቶሎ በልልኝ ጋሼ። እኔ ልውደቅ። እኔስ ሚስት አለችኝ፣ ትሰፋለች፣ እንበላለን። እሱ ሥራ ካጣ ማን ያየዋል?»

ዝግባ እግሩን አመቻቸ። እነዚያን እግሮች አውቃቸዋለሁ፤ ግራው ትንሽ ወደ ፊት፣ የቀኙ ተረከዝ ትንሽ ከፍ። ትንፋሹ ገባና ቆመ። እጆቹ እላይ ናቸው ማለት ነው። የቀረው የእኔ ቃል ነው። በልቤ የምለው ቃል መጣ፤ በአፌ የምለው ግን አልመጣም።

ዱቄቱ ሲያርፍ ይሰማ ነበር።

«በል እንጂ!» አለ አለቃ።

«ምን እየጠበቀ ነው?» ሲል ጠየቀ የጋራዡ ባለቤት።

«ጋሼ አላለማ!» አለ ጉልቻ ከእጄ ሥር፣ ሥራ በማያውቅ ሰው ተናዶ።

ያን ጊዜ ሕጌን ጣስኩ። ወደ ላይ አየሁ። ከእግሩ ወደ ጉልበቱ፣ ከጉልበቱ ወደ ደረቱ፣ ከዚያ ወደ ፊቱ። ዝግባ ዓይኑን ጨፍኗል። እንዲሁ ጨፈን አላደረገም፤ መራራ መድኃኒት እንደሚውጥ ሕፃን ጥርቅም አድርጎ ነው።

«ዝግባ» አልኩ ቀስ ብዬ። «ዓይንህ።»

«ምን ሆነ?»

«ጨፍነሃል።»

«ሁልጊዜ ነው እኮ ጋሼ።»

«ሁልጊዜ ማለት?»

«መዶሻም ሲሆን ነዋ።»

«ለምን?»

«እንዴት ለምን?» አለ፣ አሁንም እንደጨፈነ፣ እጆቹም እንደተሰቀሉ። «ድንገት ስቼ እጅህን ብመታህስ? እሱን በየትኛው ዓይኔ አያለሁ?»

ወደ ጉልቻ ጎንበስ አልኩ። «አንተም?»

«ኧረ እኔ አንዱን ብቻ ነው የምጨፍነው» አለ በኩራት።

ያን ጊዜ ያለፉት ዓመታት ሁሉ በእጆቼ ውስጥ አለፉ። የሆቴሉ ደረጃ። የትምህርት ቤቱ ጣራ ጫፍ፣ ነፋስ ሲነፍስ የነበረ ቀን። ካዝናው። ድልድዩ ሥር፣ በአንድ እጄ ብቻ ይዤ ምሳ ስቆርስ የነበረበት ጊዜ። ያ ሁሉ በድቅድቅ ጨለማ የተመታ ነው። ጣቶቼን አንስቼ ማየት ፈለግኩ፣ አልታዘዙኝም። ማንም ሳይነካኝ፣ ቡጢም ሳይሰነዘር፣ እንደ ተቆረጠ ግንድ ወደ ኋላ ሄጄ በጀርባዬ ተዘረጋሁ።

«ማን መታው?» አለ አንድ ሰው።

«ማንም!» አለ ሌላው። «ነፋሱ ነው!»

የኤክስካቫተሩ ሹፌር ደስ ብሎት መቁጠር ጀመረ። «አንድ! ሁለት! ሦስት!» እውነቱን ለመናገር እስከ አራት ድረስ መነሳት አልቻልኩም። ከአራት በኋላ ግን እችል ነበር። ጣራውን እያየሁ፣ ዱቄቱ ፊቴ ላይ ሲያርፍ፣ ጀርባዬ መሬት ላይ መሆኑን አወቅኩ፤ ቀዝቃዛ ነበር። ከገመዱ ውስጥ መሬት የነካ ጀርባ ይሄ ብቻ ነው። ይህን የሰጠኝን ጌታ አሰብኩና ዝም ብዬ ተኛሁ። ሹፌሩ ቆጥሮ ጨረሰ።

ከዚያ ተነስቼ አቧራዬን አራገፍኩ። «አለቃ፣ እኔ ሰኞ አልመጣም» አልኩ።

«አንተ ምን አገባህ? አንተ ዳኛ ነህ!»

«ከገመዱ ውስጥ ነበርኩ፣ ወደቅኩ። ለጥጉ ሁለት ሰው ይበቃኛል አላልክም? ሁለት ሰው ይኸውልህ።»

«ማን ሊይዝ ነው?»

«አንዱ ይማራል።»

አለቃ አፉን ከፍቶ ሊጮህ ሲል ከኋላው ጭብጨባ ሰማ። የጋራዡ ባለቤት ከሳጥኑ ላይ ተነስቶ፣ እንባው በፊቱ ዱቄት ላይ ሁለት መንገድ አውጥቶ፣ ያጨበጭባል። «ወንድሜ!» አለው። «ስንት ቡጢ አይቻለሁ። ተጋጣሚዎቹ ሳይነካኩ ዳኛው የተዘረረበት ግን ገና ዛሬ አየሁ። እንዲህ ያለ ነገር ከየት አመጣኸው?» ሠራተኞቹም አጨበጨቡ። አለቃ ከባልዲና ከፎጣ ዘመኑ ጀምሮ ይህን ድምፅ ሲጠብቅ የኖረ ሰው ነው። ቀና አለ፣ አፍንጫውን ደባበሰ፣ ገመዱን አልፎ ገባና የሁለቱንም እጅ ከፍ አደረገ። ዝግባ ዓይኑን የገለጠው ያን ጊዜ ነው።

«ጋሼ አለ?» ሲል ጠየቀ።

እህትየው በሻርፗ ጫፍ ፊቴን ጠረገችልኝ፤ በኃይል ጠረገችኝ፣ እንደተቆጣ ሰው።

ቤት ስገባ ባለቤቴ ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «ማን መታህ?»

«ማንም።»

«ማንም እንዲህ ያደርጋል?» አለችና ውሃ አሞቀችልኝ። ሥራ እንደሌለኝ የነገርኳት እግሬን ስታጥበኝ ነው። እጇ ትንሽ ቆመ፣ ከዚያ ቀጠለ።

እሁድ ከሰዓት ጉልቻ መጥቶ ወሰደኝ። ግቢው መሃል የእንጨት ካስማ ተቀምጧል፤ መዶሻውም አለ። ማን ይያዝ በሚል ከጠዋት ጀምሮ ሲከራከሩ ውለዋል።

«እኔ ነኝ የምይዘው» አለ ዝግባ። «ያዥ ወደ ላይ አያይም አይደል? ዓይን መጨፈን ከእኔ በላይ ማን ይችላል?»

«ያዥ መዶሻውን አያይም እንጂ የመሮውን አናት ያያል» አልኩት። «ዓይንህን ገልጠህ ነው የምትይዘው። አንተም ጉልቻ፣ ሁለቱንም ገልጠህ ነው የምትመታው።»

ዝግባ እኔ የምቀመጠውን አቀማመጥ ተቀመጠ። ያ ሁሉ ቁመት ተጣጥፎ ትንሽ ሆነ። ካስማውን ጨበጠ። ጉልቻ መዶሻውን አነሳ። እህትየው የስፌት መኪናዋን አቆመች።

«ጋሼ» አለ ዝግባ። «መዶሻው ይሄን ያህል ትልቅ ነው እንዴ?»

«ወደ ላይ አትይ አላልኩህም?»

«አላየሁም። ጥላውን ነው ያየሁት።»

ጉልቻ እላይ ሆኖ ሁለት ዓይኑን ገልጦ፣ የሚስቱን ወንድም ጣቶች አንድ በአንድ ያያል። ላቡ በአገጩ ይወርዳል። «አልችልም» አለ። «አሁን ይታየኛል።»

«ቀስ ብለህ» አልኩት። «እንደ መዶሻ ሳይሆን እንደ ሰላምታ። ሩቅ ላለ ሰው ሳይሆን ለቅርብ።»

በመጨረሻ ዝግባ ከጉሮሮው አንዲት ቀጭን «ያዝኩ» አወጣ፤ መዶሻው ወረደ፤ ካስማው አንድ ጣት ያህል መሬት ገባ። በሕይወቱ ከመታው ሁሉ ትንሹ ምት እሱ ነበር። ዝግባ እጆቹን አንስቶ እያገላበጠ ያያቸው ጀመር፤ በፊት አይቷቸው የማያውቅ ይመስል።

«ይሄን ሁሉ ዓመት እዚህ ነበር የምትቀመጠው?» አለኝ።

«እዚሁ ነበር።»

ሌላ ነገር ሊለኝ ፈልጎ ነበር፤ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። እህትየው ግን «ድገሙት» አለች።

ሰኞ ጠዋት እንደልማዴ ተነሳሁ። የምሄድበት አልነበረኝም፤ እግሬ ግን ለዚያ መንገድ ለምዷል። ከፋብሪካው ጀርባ፣ ከጎረቤት ቤት አጥር ሥር ቆምኩ። ኤክስካቫተሩ ገና አልተነሳም። ከግድግዳው ወዲያ መዶሻው ተሰማ፤ አንድ ጊዜ። ዝም አለ። ዝምታው ረዘመ፤ አንድ ሰው «ደህና ነህ?» ብሎ ጠይቆ፣ ሌላው እጁን አይቶ «ደህና ነኝ» እስኪል ያህል። ከዚያ እንደገና ተሰማ። አለቃ ከውስጥ «ቶሎ በሉ እንጂ!» እያለ ይጮሃል። እነሱ ግን አልቸኮሉም።